ድራይቨር ቺፑን ብቻ ይወቅ፦ የሮቶ ውሃ መለኪያ ድራይቨሮችን ማደራጀትና መንከባከብ

በጎንደር ውሃ በፈረቃ ሲሆን የብዙ ቤት መተማመኛ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ሮቶው ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ በስልክ መልእክት የሚናገር መሣሪያ ሠርቶ ማቆም ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው በአንድ ጣሪያ ላይ የሠራውን መሣሪያ ሃያ ጣሪያ ላይ መትከል፣ ሴንሰሩ ከገበያ ሲጠፋ በሌላ መተካት፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ኮዱን ከፍቶ ማስተካከል ነው። በዚያን ጊዜ ሥራውን የሚያቀለውም የሚያበላሸውም የድራይቨሮቹ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቺፕ የሚያናግሩት የኮድ ክፍሎች፣ አደረጃጀት ነው።

መመሪያው ሲ ቋንቋ ለሚያውቁና ዜፈር የተባለውን ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢያንስ አንድ ጊዜ ገንብተው ቦርድ ላይ ለጫኑ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው መሣሪያ አምስት ክፍሎች አሉት፦ አንድ ኤስቲኤም 32 ቦርድ፣ ውሃ የማያስገባው ጄኤስኤን ኤስአር 04ቲ የድምፅ ርቀት መለኪያ፣ ለሙቀት ቢኤምኢ 280፣ ለሰዓት ዲኤስ 3231 እና መልእክት ለመላክ ሲም 800ኤል ሞደም። በሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ በሊነክስ ወይም በፍሪአርቶስ፣ የሚሠራ ሰውም ስሞቹን እየቀየረ ሊጠቀምበት ይችላል።

1. ከኮዱ በፊት መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ ገጽ ክፈቱ። በገጹ ላይ የቺፑ ሙሉ ስም፣ የሚገናኝበት መስመር፣ አድራሻው፣ የሚፈልገው ቮልቴጅ፣ አንድ ንባብ የሚፈጅበት ረጅሙ ጊዜ፣ የተሞከረበት የቦርድ ስሪትና የሁለት ኃላፊዎች ስም ይኑር። ኃላፊዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ተመርቆ ወይም ሥራ ቀይሮ ሲሄድ እውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ ነው።

ዳታሺቱን፣ ማለትም የቺፑን ዝርዝር መግለጫ፣ ከነስሪት ቁጥሩ አውርዳችሁ ከኮዱ ጋር አስቀምጡት። ፋብሪካው የቺፑን የታወቁ ጉድለቶች የሚዘረዝርበት ኢራታ የሚባል ሰነድ ካለው እሱንም ጨምሩ። ብዙ ጊዜ የድራይቨር ስህተት ተብሎ ሳምንት የሚፈጀው ነገር ኢራታው ላይ በሁለት መስመር ተጽፎ ይገኛል።

አይቱሲ ብዙ ቺፖች ከቦርዱ ጋር በሁለት ሽቦ፣ በዳታና በሰዓት ምት፣ የሚገናኙበት መስመር ነው፤ በእሱ ላይ ያሉትን አድራሻዎች በአንድ ሰንጠረዥ ሰብስቡ። ቢኤምኢ 280 በሄክሳዴሲማል 76 ወይም 77 ላይ ይገኛል፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው አንዱ እግሩ ከመሬት ወይም ከኃይል መስመር ጋር መገናኘቱ ነው። ዲኤስ 3231 ሁልጊዜ 68 ነው። በገበያ የሚገኘው የሰዓት ሞጁል ብዙ ጊዜ ትንሽ የማስታወሻ ቺፕም አብሮት ስለሚመጣ በቅኝት ላይ 57 ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ እሱ ነው።

2. ፎልደሩን በቺፕ ዓይነት ክፈሉ

ድራይቨሮችን በቦርድ ወይም በፕሮጀክት ስም አትከፋፍሉ። «የጣሪያ መሣሪያ ድራይቨሮች» የሚል ፎልደር ከተከፈተ ሁለተኛው ፕሮጀክት ሲመጣ ኮፒ ይደረጋል፤ ከዚያ አንዱ ላይ የታረመው ስህተት ሌላው ላይ ይቀራል። አከፋፈሉ በሥራው ዓይነት ይሁን፦ ሴንሰር፣ ሰዓት፣ ሞደም። ቦርዱን የሚመለከተው ሁሉ፣ ማለትም የትኛው እግር ከየት እንደተገናኘ፣ «ቦርዶች» በሚል ሌላ ፎልደር ይግባ። ፈተናዎች ሦስተኛውን ፎልደር ይይዛሉ።

ሌላው ነገር፣ ያለውን አትጻፉ። የቢኤምኢ 280ና የዲኤስ 3231 ድራይቨር በዜፈር ውስጥ አለ። የራሳችሁ የሚሆነው እዚያ የሌለው ብቻ ነው። የራሳችሁን በዜፈር ፎልደር ውስጥ አታስገቡት፤ ለብቻው ሞጁል አድርጋችሁ በራሱ የኮድ ማከማቻ ያዙት። የዜፈርን ፋይል መንካት ግድ ከሆነ ለውጡን ብቻ የሚይዝ ፓች የሚባል ፋይል አውጥታችሁ ከላዩ ላይ ምክንያቱን ጻፉ። ምክንያት የሌለው ፓች በሚቀጥለው ማሻሻያ ላይ ማንም ደፍሮ የማይጥለው ሸክም ይሆናል።

3. ሽቦው በዲቫይስ ትሪ ይገለጽ

በዜፈር የቦርዱ ሽቦ አቀማመጥ የሚጻፈው ዲቫይስ ትሪ በሚባል ፋይል ነው። በሊነክስ ይህ ፋይል ተጠናቅሮ መሣሪያው ሲነሳ ይነበባል፤ በዜፈር ግን በግንባታ ሰዓት ወደ ሲ ኮድ ይቀየራል። ስለዚህ አድራሻ ወይም የእግር ቁጥር ስትቀይሩ እንደገና መገንባትና መጫን አለባችሁ።

ለእያንዳንዱ ቺፕ በፋይሉ ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ከየትኛው ድራይቨር ጋር እንደሚዛመድ የሚናገረው ስም፣ አድራሻው፣ እግሮቹና ሁኔታው፣ ማለትም ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው። ስሙ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ድራይቨሩ ዝም ብሎ ሳይገባ ይቀራል። «ሴንሰሩ አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ ሽቦ ከመንቀል በፊት ስሙን ፊደል በፊደል አነጻጽሩ።

የጄኤስኤን ሴንሰር በ5 ቮልት ሲሠራ መልስ የሚሰጥበት እግርም 5 ቮልት ያወጣል። የኤስቲኤም 32 እግሮች ግን ሁሉም 5 ቮልት አይችሉም። በ1 ኪሎ ኦምና በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፋፍላችሁ ወደ 3.3 አውርዱት። ይህ የቦርዱ ጉዳይ ስለሆነ ማስታወሻው በቦርዱ ፋይል ላይ ይጻፍ።

4. ድራይቨሩ ጎንደር መሆኑን አይወቅ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብንባል የምንይዘው ይህን ነው፦ ድራይቨር ቺፑ የሰጠውን በትክክል ያስረክባል፤ ስለ ቦታው፣ ስለ ቀን መቁጠሪያውና ስለ ሮቶው ማወቅ የመተግበሪያው ሥራ ነው። ሦስት ምሳሌ እንይ፤ ሦስቱም እዚህ ከተማ ላይ በቀላሉ የሚሠሩ ስህተቶች ናቸው።

መጀመሪያ ግፊት፤ ቢኤምኢ 280 ከሙቀት ሌላ ይህንንም ይለካል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከ780 እስከ 800 ሄክቶፓስካል መካከል ነው። በመጽሐፍ የለመደው ሰው 1,013 ይጠብቅና «ሴንሰሩ ያነሰ ያነባል» ብሎ ድራይቨሩ ውስጥ 220 ይደምርበታል። ያው ኮድ መተማ ላይ ሲተከል ከእውነቱ እጅግ የራቀ ቁጥር ያወጣል። ወደ ባሕር ጠለል መመለስ ካስፈለገ የቦታው ከፍታ በመተግበሪያው ቅንብር ይቀመጥ፣ ስሌቱም እዚያው ይሠራ።

ሁለተኛ ሰዓት። ይህኛው የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ዲኤስ 3231 የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የወር ሬጅስተሩ፣ ማለትም ወሩን የሚይዝበት የቺፑ ትንሽ ማስታወሻ፣ ከ1 እስከ 12 ብቻ ያውቃል፣ ሁለተኛውን ወርም በ28 ወይም በ29 ይዘጋል። የኢትዮጵያን ቀን በቀጥታ ቺፑ ላይ ብትጽፉ ጥቅምት ለቺፑ ሁለተኛ ወር ስለሆነ ከ28 ወይም ከ29 በኋላ ወደ ኅዳር 1 ይዘላል፤ ጳጉሜንን ደግሞ መያዝ ራሱ አይችልም። ስለዚህ ቺፑ ላይ የሚቀመጠው ዓለም አቀፉ ሰዓት ይሁን። ከዚያ በመተግበሪያው በኩል የእኛን ሰዓት ለማግኘት 3 ይቀነሳል፤ ምክንያቱም የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በ3 ይቀድማል፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ በ6 ይዘገያል። በዓለም አቀፍ 6፡00 ማለት እኛ ጋ ከጠዋቱ 3፡00 ነው። ልወጣው በአንድ ፋይል ብቻ ይኑር። ድራይቨሩም መተግበሪያውም ሲለውጡ 3 ሰዓት የተንሸራተተ መልእክት ይመጣል፤ የቤቱ ባለቤትም በሌሊት ውሃ አለቀ ተብሎ ይቀሰቀሳል።

ዲኤስ 3231 በሁኔታ ሬጅስተሩ ላይ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ቆሞ እንደነበር የሚናገር ምልክት አለው። ባትሪው አልቆ የነበረ ከሆነ ምልክቱ ይበራል። ድራይቨሩ ይህን አይቶ «ሰዓቱ አይታመንም» ብሎ መመለስ አለበት እንጂ የተገኘውን ቁጥር ማስረከብ የለበትም።

ሦስተኛ ርቀት። ሴንሰሩ የሚለካው ድምፁ ሄዶ የተመለሰበትን ጊዜ ነው። የድምፅ ፍጥነት በከፍታ ሳይሆን በሙቀት ይለወጣል፦ በሰከንድ 331.3 ሜትር ሲደመር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.606። በ10 ዲግሪ 337 ሜትር ገደማ፣ በ28 ዲግሪ 348 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ2 ሜትር ርቀት ላይ ልዩነቱ ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ነው። በበጋ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቀኑ ሲሞቅ ማንም ያልነካው ሮቶ ውሃው ከፍና ዝቅ ያለ ይመስላል። የርቀት ድራይቨሩ ማይክሮሰከንድ ይስጥ፤ የሙቀት ድራይቨሩ ዲግሪ ይስጥ፤ ሁለቱን አገናኝቶ ሴንቲሜትር የሚያወጣው መተግበሪያው ይሁን። አንዱ ድራይቨር ሌላውን መጥራት ከጀመረ ሁለቱን ለያይቶ መፈተን አይቻልም።

5. ውድቀትን በዝርዝር ጻፉ

ሲሠራ የሚሠራ ድራይቨር መጻፍ ቀላል ነው። ጣሪያ ላይ የሚቆየው ግን ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ነው።

እያንዳንዱ መጠበቅ ገደብ ይኑረው። ድምፅ 2 ሜትር ሄዶ ለመመለስ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ 30 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ካልመጣ «ጊዜው አለፈ» ብሎ መመለስ ነው። ገደብ የሌለው ድራይቨር አይጥ ገመዱን የቆረጠች ዕለት እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ዋችዶጉ፣ የቆመ መሣሪያን እንደገና የሚያስነሳው ጠባቂ፣ መሣሪያውን ያስነሳዋል፣ ተነስቶም እዚያው ይቆማል። በሁለት ልኬቶች መካከል ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ተዉ፣ የቀደመው ማሚቶ ከአዲሱ ጋር እንዳይደባለቅ። ይህ ሴንሰር ከ25 ሴንቲሜትር በታች ያለውን በትክክል አያነብም። ሮቶው እስከ አፉ ሲሞላ የሚመጣው ንባብ ስለማይታመን ድራይቨሩ «ከክልል ውጭ» ይበል፤ ዜሮ አይመልስ። ሴንሰሩንም ከሮቶው አፍ ከፍ አድርጋችሁ ግጠሙ።

የአይቱሲ መስመር መቆለፍ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ላይ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። ቮልቴጁ ለአፍታ ሲወርድ ቦርዱ እንደገና ይነሳል፣ ሴንሰሩ ግን በንባብ መሃል እንዳለ ይቀርና የዳታውን መስመር ወደ ታች እንደያዘ ይጠብቃል። ቦርዱ ሲነሳ መስመሩ የተያዘ መስሎት ምንም አይሠራም። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ሲነሳ የዳታው መስመር ዝቅ ብሎ ከተገኘ የሰዓት ምት መስመሩን እስከ 9 ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ የማቆሚያ ምልክት መላክ። ይህ ሥራ የመስመሩ ድራይቨር ነው፤ በየሴንሰሩ አትድገሙት።

ሬዚስተርንም አትርሱ። ሞጁሎች የየራሳቸውን የመሳቢያ ሬዚስተር፣ ማለትም መስመሩን ወደ ኃይሉ የሚስብ ሬዚስተር፣ ይዘው ይመጣሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ትይዩ ይሆናሉ። 4.7 ኪሎ ኦም ያላቸው ሁለት ሞጁሎች 2.35 ይሰጣሉ፣ ጥሩ ነው። አምስት ሲሆኑ ወደ 0.94 ይወርዳል፤ በ3.3 ቮልት ከ3.5 ሚሊአምፔር በላይ ይፈሳል፣ የመደበኛው አይቱሲ ገደብ ግን 3 ነው። በዚህ ጊዜ ድራይቨሩን ስትመረምሩ አትዋሉ፤ ከሞጁሎቹ ላይ ሬዚስተር ንቀሉ። ገመዱንም ከግማሽ ሜትር አታሳልፉ።

ቢኤምኢ ተብሎ የተገዛው ቺፕ ቢኤምፒ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ድራይቨሩ ሲነሳ የመለያ ሬጅስተሩን ያንብብ፤ በሄክሳዴሲማል 60 ከመለሰ ቢኤምኢ፣ 58 ከመለሰ ቢኤምፒ ነው። ቢኤምፒ እርጥበት አይለካም፤ ስለዚህ እርጥበት ሲጠየቅ «አልችልም» ይበል። የተሳሳተ ዜሮ ከስህተት መልእክት ይልቅ ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ማንም አይጠራጠረውምና።

ሞደሙ የሚፈልገው ቮልቴጅ ከ3.4 እስከ 4.4 ሲሆን ሲልክ ለአፍታ እስከ 2 አምፔር ይስባል። ኔትወርክ ሊይዝ ሲል የሚጠፋና የሚበራ ሞደም ሲያጋጥም ችግሩ በአብዛኛው ከኮዱ ሳይሆን ከኃይሉ ነው። 1,000 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር ከሞደሙ እግር አጠገብ ብየዱ፣ የኃይል ገመዱንም አጭርና ወፍራም አድርጉ። በኮዱ በኩል ደግሞ አንድ መልእክት ለመላክ የሞደሙ መመሪያ እስከ 60 ሰከንድ ይፈቅዳል። 5 ሰከንድ ብቻ ጠብቆ እንደገና የሚልክ ድራይቨር በጥምቀት ሰሞን ቀሃ አካባቢ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ያንኑ መልእክት ሦስት ጊዜ ልኮ ካርድ ይጨርሳል። መላኩን ሌላውን ሥራ ሳያቆም ጎን ለጎን በሚሄድ በራሱ ትሬድ ላይ አድርጉ፣ 60 ሰከንዱን ጠብቁ።

የስህተት ኮዶችን በስማቸው እንጂ በቁጥራቸው አታወዳድሩ። «ጊዜው አለፈ» የሚለው በሊነክስ 110፣ በዜፈር 116 ነው። ቁጥሩን የጻፈ ሰው ኮዱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር ስህተቱ ሳይያዝ ያልፋል።

6. የአነሳስ ቅደም ተከተል

በዜፈር ድራይቨሮች በደረጃና በቁጥር ይነሳሉ፤ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። የአይቱሲ መስመሩ መነሻ ቁጥር 50፣ የሴንሰሮች 90 ነው። ለራሳችሁ ድራይቨር ከ50 ያነሰ ብትሰጡት ገና ያልተነሳ መስመር ይጠይቅና ይወድቃል። መተግበሪያው ማንኛውንም ድራይቨር ከመጠቀሙ በፊት ዝግጁ መሆኑን ይጠይቅ፤ አንዱ ዝግጁ ካልሆነ መሣሪያው በሙሉ አይቁም። ሙቀት ባይኖር በ20 ዲግሪ ገምቶ መለካትና መልእክቱ ላይ «ግምት» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

7. መብራት ሲጠፋም መፈተን

ዜፈር ያለ ቦርድ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራበት መንገድ አለው፤ የአይቱሲ ቺፕን የሚያስመስል መሣሪያም አብሮት ይመጣል። ላፕቶፕ በባትሪው እስከቆየ ድረስ ሥራ አይቆምም። ለእያንዳንዱ ድራይቨር ቢያንስ አራት ፈተና ጻፉ፦ ትክክለኛ ንባብ፣ ቺፑ መልስ ሲከለክል፣ ጊዜ ሲያልፍ፣ የመለያው ቁጥር ሌላ ሲሆን። የሰዓቱን ልወጣ በጳጉሜን 5፣ በጳጉሜን 6ና በመስከረም 1 ፈትኑ።

ከዚያ እውነተኛውን መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ 48 ሰዓት ይሥራ። በዚህ መሃል ኃይሉን ቢያንስ 20 ጊዜ በድንገት ንቀሉ፤ የተወሰኑትን ልክ ንባብ ላይ እያለ። የመስመሩ መቆለፍ የሚገለጠው እዚህ ነው።

8. ስሪትና ማሻሻያ

የዜፈርን ስሪት በአንድ ቁጥር ወስኑት፤ «የቅርቡን አምጣ» ብሎ መተው ዛሬ የሠራው ነገ እንዳይገነባ ያደርጋል። ለጣሪያ መሣሪያ ረጅም ድጋፍ ያለውን ስሪት ምረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 3.7 ከእነዚህ አንዱ ነው።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳትቸገሩ የማከማቻዎቹን ሙሉ ቅጂ በቢሮው አንድ ኮምፒውተር ላይ ያዙ። ጊት በተባለው የኮድ ታሪክ መያዣ ውስጥ ጊት ባንድል የሚባለው ትእዛዝ ሙሉውን ታሪክ በአንድ ፋይል አድርጎ ያወጣል፤ ፋይሉ በፍላሽ ከፒያሳ ፀዳ ቢሄድ እዚያ እንደ ማከማቻ ይከፈታል። ኮዱን ቦርዱ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠውን ማጠናቀሪያም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ኮዱ ኖሮ ማጠናቀሪያው ከሌለ ሥራው እኩል ይቆማል።

ወደ አዲስ ስሪት ስትሻገሩ ስሪቶቹን በተራ እለፉ፣ ለእያንዳንዱ የወጣውን የሽግግር ማስታወሻ አንብቡ። በአንድ ኮሚት፣ ማለትም በአንድ የተመዘገበ ለውጥ፣ አንድ ድራይቨር ብቻ ንኩ፣ ስህተት ሲመጣ የቱ እንዳመጣው ለይቶ ለመመለስ ይቻል ዘንድ። ፈተናው ካለፈ በኋላ መጀመሪያ አንድ ጣሪያ ላይ ጫኑት፤ ሳምንት ቆይቶ ደህና ከሆነ ለሌሎቹ። ሃያውን በአንድ ቀን መጫን ማለት ስህተት ቢኖር ሃያ መሰላል መውጣት ነው፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ በሚያንሸራትት ቆርቆሮ ላይ።

ለሌላውም የሚጠቅም ድራይቨር ከጻፋችሁ ወደ ዜፈር ዋናው ማከማቻ ላኩት። ፈቃዱ አፓቺ 2.0 ነው፤ እያንዳንዱ ኮሚት የጸሐፊውን ፊርማ መስመር ይፈልጋል። አንዴ ከገባ በኋላ ዜፈር ውስጥ አንድ በይነገጽ የሚቀይር ሰው የእናንተንም ድራይቨር አብሮ ያስተካክላል። ግምገማው ጠበቅ ያለ ነው፣ አስተያየቱም ይበዛል፤ ቢሆንም ለብቻ ተሸክሞ ከመኖር ይሻላል።

9. ድራይቨር ጡረታ ሲወጣ

አንድ ቺፕ ከገበያ ሲጠፋ ድራይቨሩን ወዲያው አትሰርዙ። በመዝገቡ ገጽ ላይ «ለአዲስ ቦርድ አይውልም» ብላችሁ ጻፉ፣ ተተኪውን ጥቀሱ፣ የትኞቹ ጣሪያዎች ላይ ገና እንዳለ ቁጠሩ። የመጨረሻው መሣሪያ ከወረደ በኋላ በአንድ ኮሚት አውጡት፤ ጊት ታሪኩን ይይዛል። በኮሜንት ምልክት ታጥሮ የተቀመጠ የሞተ ኮድ ግን በፋይሉ ውስጥ አይቆይ፤ አዲስ የሚመጣ ሰው ይሠራል ብሎ ያነበዋል።